እርከኑ የማን ነው? ከወሎ ተራሮች እስከ ያቴንጋ



ከደሴ ወርዳችሁ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ስትጓዙ በመኪናው መስኮት ተራሮቹን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከግርጌ እስከ አናት በመስመር የተደረደረ ድንጋይ አለ። አንዳንዱ መስመር ሙሉ ነው፤ ሣርና ቁጥቋጦ ይዞታል። አንዳንዱ ተቦድሶ ድንጋዩ ተንሸራቶ ወርዷል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ከተራራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል። አይደለም። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን እጅ ነው አንድ በአንድ የደረደረው።

በከተማ የምንኖር ወጣቶች «ድርቅ ገባ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዱዓና ሶደቃ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ዝናቡ በጣለ ጊዜ ግን መሬቱ ተቀብሎ ይይዘዋል ወይ ብለን አንጠይቅም። የወላጆቻችን ትውልድ ይህን ጥያቄ በትከሻው ድንጋይ እየተሸከመ ነው የኖረው። ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን እንደተደረደረና ከዚያም አንዱ ክፍል ለምን እንደፈረሰ ካላወቅን፣ ነገ ተራው የእኛ ሲሆን ያንኑ ስህተት እንደግማለን።

የዘነበው የት ሄደ?

በወሎ ደጋና ወይናደጋ ዝናቡ ሲመጣ በጥድፊያ ነው። ገላጣ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ጠብታው አፈሩን እየመታ ይፈረፍረዋል፣ የላዩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ያኔ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ ወደ ታች ይሮጣል። ሲሮጥ ባዶውን አይሄድም፤ ፍግ የበላውን፣ ለሰብል የሚሆነውን የላይኛውን አፈር ይዞ ይሄዳል።

ይህ ጉዳት በአንድ ዓመት አይታይም። አፈሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሳሳ ሲሄድ ግን የሚይዘው ውሃ አብሮ ያንሳል። አያት ባረሱበት ጊዜ ዝናብ ሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ማሽላው ከአፈሩ ባጠራቀመው ውሃ ይቆይ ነበር። የልጅ ልጅ በዚያው ማሳ ላይ ሲዘራ፣ ዝናቡ ያንኑ ሁለት ሳምንት ብቻ ቢቋረጥ አዝመራው ይጠወልጋል። ሰማዩ ሳይለወጥ መሬቱ ብቻውን ድርቅ ማምጣት ይችላል ማለት ነው።

ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነበር። በሐረርጌ፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በሲዳሞና በኢሉባቦርም ተመሳሳይ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ፕሮጀክቱን የመሠረቱት የስዊስ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በኋላ ባወጡት ግምት፣ ከታረሰ አንድ ሄክታር የደጋ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በኩንታል ስናሰላው 420 ኩንታል ነው። በዚያ ዘመን ከዚያው ሄክታር የሚሰበሰበው እህል ደግሞ ከ10 እስከ 15 ኩንታል ቢሆን ነው። ገበሬው 12 ኩንታል ወደ ቤቱ ሲያስገባ 420 ኩንታል አፈር ወደ ወንዝ ይሸኛል። ሱብሓነላህ!

የእርከን ሥራ ይህን መቁረጥ ነው። የሚሮጠውን ውሃ ድንጋዩ ያስቆመዋል፤ የቆመ ውሃ የያዘውን አፈር ይጥላል፣ ራሱም ቀስ እያለ ይሰርጋል። በዓመታት ውስጥ ከካቡ ጀርባ አፈር ይሞላና ተዳፋቱ እንደ ደረጃ ይስተካከላል። ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ለመቶዎች ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በወሎና በይፋት ዳገቶች ላይ የሚኖሩ የአርጎባ ገበሬዎችም በእርከን እርሻቸው ይታወቃሉ።

በስንዴ የተሠራ ተራራ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ከሁሉ ቀድመው ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። በአዋሽ ዳር የተዘረጉ የጥጥ እርሻዎች በድርቅ ጊዜ የሚሸሹበትን የግጦሽ መሬት ወስደውባቸው ስለነበር፣ ዝናቡ ሲቀር መሄጃ አጡ። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያውም እዚህ ውስጥ ነበረ።

የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደብቆ መቆየቱ ለውድቀቱ አንዱ ምክንያት ሆነ። ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በእነዚህ ማኅበራት በኩል ነው የእርከን ዘመቻው የተካሄደው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉን ሰጠ፣ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያውን ላከ፣ ገበሬ ማኅበሩ ሰውን አወጣ። «ምግብ ለሥራ» የሚባለው ይህ ነው። ክፍያው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር።

የተሠራው ሥራ ብዛት ያስደንቃል። በአገሪቱ ደጋዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የድንጋይና የአፈር እርከን ተሠራ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ፣ ብዙ ተራራ ከከብት ተከለለ። በአፍሪካ ውስጥ በዚያ ዘመን ከነበሩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በመስጂዶቻችን ግቢ ከዙህር በኋላ ፀሐይ ከሚሞቁት አባቶች ብዙዎቹ የዚያ ሥራ ሠራተኞች ናቸው። ጠይቋቸው። ድንጋዩን ሲያነሡ የጀመራቸውን የወገብ ሕመም ዛሬም ይነግሯችኋል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል 1977 መጣ። ድርቁ፣ ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ ተደራርበው ከበፊቱ የከፋ እልቂት ሆነ። ከረሃቡ ጋር የሰፈራ ፕሮግራም ተከተለ፤ ወደ 600 ሺህ ሰው ከሰሜኑ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወሰደ፣ ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነበር። ብዙው በፈቃዱ አልሄደም። በሚቀጥለው ወር የት እንደሚወሰድ የማያውቅ ገበሬ፣ ፍሬው ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚታይ እርከን ልቡን እንዴት ይስጥ?

ለምን አፈረሱት?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በዚያ የሽግግር ወቅት በብዙ ቦታ የተከለለው ደን ተቆረጠ፣ እርከኑ ፈረሰ። ድንጋዩን የደረደሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ያፈረሱት። በከተማ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ «ገበሬው ጥቅሙን አላወቀም» ይላል። እኛም ድሮ እንደዚያ ይመስለን ነበር። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ ስንሰማ ግን ፍርዳችን ተለወጠ።

አንደኛ፣ እርከኑ ቦታ ይወስዳል። ተዳፋቱ በቆመ ቁጥር መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ከአንድ ሄክታር በታች ለሚያርስ ቤተሰብ የማሳውን አንድ አሥረኛ ለድንጋይ መልቀቅ የልጆችን ምግብ መቀነስ ነው። በሬ የሚያዞሩበት ቦታም ይጠባል፤ በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል፣ እሸቱን ይበላል።

ሁለተኛ፣ ዲዛይኑ ከላይ የመጣ ነበር። ዝናብ የሚበዛበት ደጋም ዝናብ የሚያጥርበት ቆላም አንድ ዓይነት እርከን ይሠራ ነበር። ውሃ በሚበዛበት ቦታ ከእርከኑ ጀርባ ውሃ ተኝቶ ሰብሉን አበሰበሰ። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ትርፍ ውሃ የሚያወጣበት ፈሰስ ነበረው፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሦስተኛና ዋናው፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። መሬቱ በየጊዜው ይሸጋሸግ ነበር። ዛሬ አፈር ያጠራቀመው ማሳ ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። የተከለለው ተራራ ደግሞ ትናንት የመንደሩ የጋራ ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ «የመንግሥት ደን» ተባለ። ሣር ለማጨድ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ ሲወድቅ ሰዉ የፈረሰውን መንግሥት ንብረት ነው የቆረጠው፤ በእሱ ዓይን የራሱ አልነበረማ። እርከኑም «በስንዴ የተሠራ» ነበር። ስንዴው ሲቆም ጥገናው ቆመ።

የሶሺዮሎጂ ባለሙያው የራስወርቅ አድማሴ ይህን የሃያ ዓመት ሥራ በሰፊው አጥንተው፣ ጥረቱ የትም ያልደረሰ የሃያ ዓመት ጉዞ ነው የሚል ርእስ ሰጡት። የጥናታቸው ዋና ነጥብ የባለቤትነት መብት ጉዳይ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሁሉም አልፈረሰም። በመስኮት የምናየው ያ የቆመ ድንጋይ ምስክር ነው። ደግሞ አንድ ሌላ ማስረጃ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በጣልያን ወረራ ዘመን በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ፎቶ አነሡ። ዛፉ እጅግ ተመናምኖ እንደሚያገኙት ይጠበቅ ነበር። በአብዛኛው ቦታ ግን ጨምሮ አገኙት። የጨመረው በሰው ደጃፍ፣ በጓሮ፣ በማሳ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። «የእኔ ነው» ብሎ ካመነበት፣ ያ «ደን አጥፊ» የተባለው ገበሬ ዛፍ ይተክል ነበር።

በዚያው ዘመን በያቴንጋ

የ1960ዎቹ ድርቅ የወሎ ብቻ አልነበረም። ከሴኔጋል ጀምሮ በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በኒጀርና በቻድ በኩል የሳህልን ቀበቶ መትቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። በዚህ ቀበቶ ላይ ከቡርኪና ፋሶ ሰሜን ያቴንጋ የሚባል አውራጃ አለ። መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ሰዉ ወደ ከተማና ወደ ጎረቤት አገር መሰደድ ይዞ ነበር።

ያቁባ ሳዋዶጎ የዚህ አገር ሰው ናቸው። በአማርኛ ያዕቆብ የምንለው ስም ነው። በልጅነታቸው ቤተሰባቸው ወደ ማሊ ልኳቸው ቁርኣን ቀሩ፤ እኛ «ደረሳ» የምንለው ሕይወት ማለት ነው። ከዚያ በዋሂጉያ ገበያ ነጋዴ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ፣ ሌላው ሰው መሬቱን ጥሎ ሲሄድ፣ እሳቸው ንግዱን ጥለው ወደ መሬቱ ተመለሱ።

የሠሩት ነገር «ዛይ» የሚባል የአገሩ የጥንት ዘዴ ነው። በደረቀው መሬት ላይ በዶማ ትናንሽ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ያቁባ ጉድጓዱን ከጥንቱ አሰፉት፣ አጠለቁት፤ ፍግና ቅጠል አስገቡበት። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ የደነደነውን አፈር እየበሳ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ዝናቡ ሲጥል ውሃው በጉድጓዱ ይጠራቀማል፤ ማሽላው በዚያው ይዘራል። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ደግሞ በበጋ፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነው። የአገሩ ልማድ ዝናብ ሲመጣ ሥራ መጀመር ስለነበር ሰው «አብደዋል» አላቸው። ማሳቸውም ተቃጠለ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ከማሽላው ጋር ፍጉ ይዞት የመጣ የዛፍ ዘር ሲበቅል አልነቀሉትም፤ ጠበቁት። በጊዜ ብዛት በአሥር ሄክታሮች የሚቆጠር፣ ከ60 በላይ ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ያለው ደን ሆነ።

ከ1984 ጀምሮ፣ እኛ ጋ ያ ረሃብ በነበረበት ዓመት ማለት ነው፣ ያቁባ በግቢያቸው የገበያ ቀን ያዘጋጁ ጀመር። በጊዜ ሂደት ከመቶ በላይ መንደሮች ገበሬ እየላኩ ዘር ይለዋወጡ፣ ስለ ዛይ ይማማሩ ነበር። እህል የሚከፍል አልነበረም፣ ጥሩምባ የሚነፋም የለም። በዚያው አካባቢ ኦክስፋም የደገፈው ሌላ ሥራ መጀመሪያ ዛፍ ለማስተከል ነበር የመጣው። ገበሬዎቹ ግን «እኛ የሚያስፈልገን ማሽላ ነው» አሉ። ፕሮጀክቱም ሰማቸው፤ ወደሚያውቁት የድንጋይ መስመር ተመለሰ። የጨመረላቸው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ። በሱ ማንበብ የማይችል ገበሬም ሳይቀር የተዳፋቱን ልክ ራሱ መለካት ቻለ።

ተመራማሪዎች በቡርኪና ፋሶ መካከለኛ ደጋ በዚህ መልክ ያገገመውን መሬት ከ200 ሺህ እስከ 300 ሺህ ሄክታር ይገምቱታል። ያቁባ እ.ኤ.አ. በ2018 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በታኅሣሥ 2023 ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ታሪኩ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። የዋሂጉያ ከተማ ሲሰፋ የያቁባ ደን አንድ ክፍል ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ተወሰደ። ሰው ሁሉ የተወውን መሬት በእጃቸው ሕያው አድርገው ሳለ፣ የእሳቸው ለመሆኑ የተጻፈ ወረቀት አልነበራቸውም።

ደረሳ ሳለን በፊቅህ ኪታብ «ኢሕያኡል መዋት» የሚል ባብ ቀርተናል፤ የሞተን መሬት ሕያው ስለማድረግ ማለት ነው። ባለቤት የሌለውን የሞተ መሬት ያቀና ሰው መሬቱ የሱ ይሆናል። ዑለማዎች የተለያዩት የመሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ነው፤ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ያስፈልጋል ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸውና ኢማሙ ሻፊዒ አያስፈልግም ብለዋል። ያኔ ስንቀራው የሩቅ በረሃ ጉዳይ መስሎን በቶሎ አልፈነው ነበር። የወሎን ተራራና የያቁባን ደን ስናይ ግን ባቡ የተጻፈው ለምን እንደሆነ ገባን። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ሐቁ ካልታወቀለት መሬት አይድንም።

ከዚያ ወዲህ

በአገራችንም ትምህርቱ ቀስ እያለ ተወስዷል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና የመሬት ሽግሽግ ከተደረገ በኋላ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ይህን በክልሉ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በእርከን ሥራና ጥገና ላይ ይበልጥ እንደሠሩ አግኝተዋል። ደብተሩ እህል አይደለም፣ ዘይትም አይደለም። «ነገም እዚሁ ነህ» የሚል ቃል ነው።

ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት፣ በኋላም በየዓመቱ በበጋ ወራት በሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ የወሎ ተራሮች እንደገና ተሠርተዋል። በደንብ የተያዘ ተፋሰስ ባለበት መንደር ሣሩ ተመልሷል፣ የደረቀ ምንጭ የፈለቀበትም አለ። ሕዝቡ ራሱ ሕግ አውጥቶ ሣሩን በተራ አጭዶ በሚካፈልበት ቦታ ክልሉ ይጠበቃል። ዘመቻው ለሪፖርት ብቻ በሆነበት ቦታ ደግሞ እርከኑ በአንድ ክረምት ይናዳል። ከ1983 የተማርነው ትምህርት ዛሬም ያው ነው።

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እርከን በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። አንድ ቦታ የተቦደሰ ካብ ካልተጠገነ፣ የተራራው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከታች ያለውን እየናደ ይወርዳል፤ ቦረቦሩ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ይህን የሚጠግን ጉልበት ደግሞ የወጣት ነው። ወጣቱ ግን ደሴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፣ ጅዳና ሪያድ ነው። በማሳው ላይ የቀሩት አረጋውያን ወላጆቻችን ናቸው። ለኢድ ገንዘብ እንልካለን፤ ቆርቆሮ እንቀይርላቸዋለን፤ አልሐምዱሊላህ። ከማሳው ጫፍ ስለተናደው ካብ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንበል። በዚህ በጋ አገር ቤት ስትሄዱ አባታችሁን ማሳው ድረስ አስወስዷቸው፤ የትኛውን እርከን እሳቸው እንደሠሩት፣ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው ውሃ እንዳስተኛ ይንገሯችሁ። ከላይ የመጣ ዲዛይን ያልጠየቀውን እናንተ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ እወቁ፤ የእናታችሁ ስም በላዩ መኖሩን አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ የሰፈራችሁ ልጆች በከተማ ያላችሁ ማኅበር ካለ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አንድ ቀን ለጅጊ ይመድብ። ቀብር ሲሆን በቅሬው አብረን እንቆፍራለን። ለሞተ የምንወጣውን ያህል ለመሬቱም አንድ ቀን እንውጣ።

አባቶቻችን ያን ድንጋይ የደረደሩት በ3 ኪሎ ስንዴ ነው፤ የእነሱ ይሁን አይሁን ሳያውቁ። እኛ የማን እንደሆነ እናውቃለን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።